መጫኛው ከመጣ

ካልጋሪ፥ መስከረም 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእቴቴ ነፊሳ፥ ባሕር ዳር

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ወረቀት እናንተ ዘንድ እስኪደርስ የጣና ውሃ መጉደል ይጀምር ይሆናል። ብቻ ሲደርስ እርስዎን በጤና፥ እህቴን ዘይነትን ከፋብሪካዋ በሰላም ስትወጣ፥ የልጅዎን የሙሔን ሚስት ሰዓዳንም ከእርስዎ ሥር ሳትርቅ ያግኛችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ።

ሥራ ለወጥሁ። ሁለት የበረዶ ክረምት ከብት የሚታረድበት ቤት ደም ሳጥብ ከርሜ፥ አሁን በቅሎ ጠባቂ ሆኛለሁ። ይሳቁብኝ! በቅሎ ሽሽት ስንት አገር አቋርጬ መጥቼ እዚህም በቅሎ ጠበቀችኝ። ከከተማው ውጭ ባለ ሜዳ ላይ ለቴሌቪዥን የሚሆን ተከታታይ ታሪክ ይቀረጻል። ታሪኩ የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ አገራቸውን ለቀው፥ ሸራ በለበሰ ጋሪ ዕቃና ልጅ ጭነው፥ መሬት ፍለጋ ስድስት ወር ስለተጓዙ ሰዎች ነው። ጋሪውን በሬ ይስባል፤ ከኋላ በቅሎ ይከተላል።

አዘጋጁ ሃሮልድ የሚባል ሽማግሌ ነው። ይህ ሰው ውሸት አይወድም። የተዋናዩ ሸሚዝ ቁልፍ የዚያ ዘመን ቁልፍ ካልሆነ ሥራ ያስቆማል። ታዲያ በቅሎ መጫን የሚችል አንድ ሰው የላቸውም። አንድ ቀን ሲታገሉ አይቼ ገብቼ ባስተካክልላቸው "የት ተማርህ?" አሉኝ። "የአክስቴ ባል ሲራራ ነጋዴ ነበሩ" አልሁ። ከዚያ ወዲህ "ይህ ልክ ነው? ያ ልክ ነው?" እያሉ መጠየቅ ነው። እኔስ ማንን ልጠይቅ? አጎቴ አደም፥ አላህ ይዘንላቸውና፥ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እርስዎ ግን በሙሽርነትዎ ከወረታ እስከ መተማ ከነጋዴ ቅፍለታቸው ጋር በእግርዎ ሄደዋል። እስቲ የጭነቱን ነገር ይንገሩኝ። ደግሞ እዚህ ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ጋሪው ላይ ሆነው ይዘፍናሉ፤ ይህስ ልክ ነው?

ሙሔ ደህና ነው። መርከብ ላይ ስለሆነ አድራሻ የለውም እንጂ ሰላምታውን በሰው ልኳል። በወረቀቱ መሐል ያለው ብር ከእሱ ነው።

ልጅዎ ሙሀመድየሱፍ


ባሕር ዳር፥ ኅዳር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙሀመድየሱፍ

ወዐለይኩሙ ሰላም። የምትጽፈው ዘይነት ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ላሳምረው ብትለኝም እንደተናገርሁት እንድትጽፍ ወላሂ አስብዬአታለሁ። ደብዳቤህ ተከፍቶ፥ በሙጫ ተለጥፎ ደረሰን። ለከፈተው ሰው ሰላም በልልኝ፤ እሱም በቅሎ መጫን ይማር።

እንግዲህ ስማ። አጋሰስ ሲጫን ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ካልሆነ ከጎደለው በኩል ድንጋይ ጨምር። ነጋዴ ድንጋይ በመጫን አያፍርም፤ የሚያፍረው ገጣባ በወጣበት ጀርባ ነው። በመጫኛው ጠፍር ስትስብ ጉልበትህን ከጎኗ አስደግፍ። በቅሎ ተንኮለኛ ናት፥ ሆዷን ነፍታ ትጠብቅሃለች። ጥቂት አስኪደህ እንደገና አጥብቅ። ይህን ሁሉ አደም ሲያሳይህ ዓይንህ የት ነበር?

ሴቶቹ ይዘፍናሉ ነው ያልኸኝ? በነጭ ልብስ? ዘይነትና ሰዓዳ እስኪያማቸው ሳቁ። እኔ ስሄድ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሦስተኛው ቀን የቀሚሴ ጫፍ ጭቃው ደርቆበት ቁርጭምጭሚቴን ይልጠኝ ጀመር። ከንፈሬ ተሰንጥቆ መሳቅ አቃተኝ። በሳምንቱ ባሌንና በቅሎውን በጠረናቸው መለየት አልቻልሁም። ጭነት ከተነሣ ማንም አያወራም፤ ትንፋሽ ለዳገት ይቀመጣል። ይህን ለሽማግሌህ ንገረው፤ እሱ እውነት የሚወድ ከሆነ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ። ደብዳቤህ ያዘነበለ ጭነት ነው። ስለ በቅሎ ሁለት ገጽ፥ ስለ ሙሔ ሁለት መስመር። ልጄ አንተን እስከ ድንበር አድርሶ ሊመለስ ነበር የወጣው። መንገዱን ከአባቱ ጋር ስለሚያውቀው፥ አንተ ደግሞ ከበርህ እስከ መስጊድ ስለማታውቅ። ከሠርጉ ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ይኸው ሰባተኛ ዓመት ገባ። መርከብ ላይ ወረቀት የለም? ባሕር ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም? ገንዘቡን ሰዓዳ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ እንደ ላክኸው አለ። እኔ የምፈልገው በእጁ የተጻፈ ሦስት መስመር ነው። ሁለትም ይበቃኛል።

አክስትህ ነፊሳ


ካልጋሪ፥ ጥር 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእቴቴ ነፊሳ

ሰላምታዬ እንደ ቅፍለት ረድፍ ይርዘም። ከደጅዎ እስከ ጓዳዎ ያለው ሁሉ ደህና ይሁን።

ደብዳቤዎ እዚህ ዝና አገኘ! ለሃሮልድ ቃል በቃል ነገርሁት። በማግስቱ ሴቶቹን ልብሳቸውን ጭቃ ላይ አስጎተታቸው፤ አንዷ አለቀሰች። ከንፈራቸውን በቀለም ሰነጠቁት። ዘፈኑን ግን አልተዉትም፤ ተመልካች ይወደዋል አሉ። የበቅሎዋን ሆድ መንፋት በተናገርሁ ጊዜ አላመኑኝም ነበር። አስኪጄ እንደገና ሳጠብቅ ገመዱ አራት ጣት ገባ፤ አጨበጨቡ። "አክስትህን አምጣልን" ይሉኛል። ለእርስዎ ብለው ኮፍያቸውን አነሡ።

ሙሔ ሊጽፍልዎ ብሎ ነበር፤ የመርከብ ገመድ እጁን አቁስሎት እስክሪብቶ መያዝ አልቻለም አሉ። ሲሻለው ይጽፋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚመጣው ክፍል አንድ ጎልማሳ በትኩሳት ይወድቃል። ጋሪዎቹ በረዶ ሳይቀድማቸው ተራራውን ማለፍ አለባቸውና ጥለውት ይሄዳሉ። ተዋናዮቹ "ሰው እንዲህ አያደርግም" ብለው ተከራከሩ። ሃሮልድ ወደ እኔ ዞሮ "ያንተ ነጋዴዎች ምን ያደርጉ ነበር?" አለኝ። አጎቴ አደም ሕግ እንደነበራቸው እሰማ ነበር እንጂ በደንብ አላስታውሰውም። እባክዎ ይጻፉልኝ፤ እየጠበቁኝ ነው።

ልጅዎ ሙሀመድየሱፍ


ባሕር ዳር፥ መጋቢት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሙሀመድየሱፍ

በሰላም ያለህ እንደሆነ ሰላም ይብዛልህ። የዘገየሁት አሞኝ አይደለም። ሳስበው ቆይቼ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ። አላስታውሰውም ማለትህ ገረመኝ፤ በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ሀሁ ሳያውቅ ያውቀዋል። ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ቅፍለቱ ሦስት ቀን ይቆማል። በሦስተኛው ቀን ካልተነሣ ጭነቱ ይከፋፈላል፥ ቅፍለቱ ይሄዳል፤ አንድ ሰው ግን በዕጣ አብሮት ይቀራል። የቀረው ሰው ወይ ከበሽተኛው ጋር ይመጣል፥ ወይ ቀብሮት መጫኛውን ይዞ ይመጣል። ያን ጭነት ያሰረበትን የጠፍር ገመድ ከሟቹ ደጃፍ ላይ ያኖረዋል። መርዶ ነጋሪ የለም፥ ቃል የለም። መጫኛው ከመጣ ሰውየው አይመጣም።

አደም ራሱ ከቋራ ወዲህ አንድ የወረታ ሰው ንዳድ ጥሎት አሥራ አንድ ቀን አብሮት ተቀምጧል። ሰውየው ተነሥቶ መጣና ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት የዘጌ ቡና ነገደ። ሰው ጥሎ የመጣስ እንደሆነ? አንድ ጊዜ ነበር። አልተሰደበም፥ አልተመታም፥ ሰላምታም አልተነፈገም። ብቻ ማንም አብሮት አልጫነም። ብቻውን በአንዲት አህያ ጨው ሲያዞር አረጀ።

ሙሔ ሲወጣ የአባቱን መጫኛ ወገቡ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ እንደወጣ ታውቃለህ። እኔን እስከ ዛሬ ያቆመኝ ያ መጫኛ አለመምጣቱ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሽማግሌህ አገራቸውን የለቀቁ ሰዎች ምን እንደሚመስሉ ማወቅ ከፈለገ ደግሞ፥ ዘንድሮ በከተማችን መሐል በካሚዮን ተጭነው ያልፋሉ፤ ከወሎ መጥተው ወደ መተከል ይወርዳሉ። አንድ ቀን ውሃ ይዘን ወጣን። ከመኪናው ላይ አንዲት ሴት የምጣድ ክዳን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ምጣዱ የለም፥ ክዳኑ ብቻ። የት ትሄጃለሽ ብላት "አልነገሩኝም" አለችኝ። ማንም አይዘፍንም ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሙጫ የሚለጥፈውም ሰው ሥራ አለበት።

አሁን የሰዓዳ ነገር። አባቷ ሽማግሌ ይዘው መጡ። የጠየቃት የወረታ ሹፌር ነው፥ ሚስቱ የሞተችበት፥ ጨዋ ሰው። ቃዲው "ባልሽ ሞቶ ከሆነ ይነገር፥ በሕይወት ካለ ወይ ይምጣ ወይ ጦላቅ፥ የፍቺ ቃሉን፥ ይላክ" ብለዋል። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እኔ "ልጄ አለ" ብዬ ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። እንዲህ በለው፦ እናትህ ፈቅዳለች፤ የምትመጣ ከሆነ ና፥ የማትመጣ ከሆነ ፍታት። የሰው ልጅ በአንድ ቃል ታስራ አትቅር። አንተም የእሱን ፎቶግራፍ ላክ፤ የቅርቡን።

ነፊሳ


ካልጋሪ፥ ሐምሌ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእቴቴ ነፊሳ

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ቀረጻው ከተራራ ሥር ስለነበር ፖስታ ቤት አልነበረም።

ሙሔ የነገሩኝን ሁሉ ሰምቷል። "ትጠብቀኝ፥ በቅርቡ እመጣለሁ" ብሏል። ፎቶግራፍ ግን አልላከም። እስከዚያው የእኔን ልኬልዎታለሁ። ከአጠገቤ ያለችው በቅሎ ቦራ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጭነቱን ይዩት! ግራና ቀኙ እኩል፥ ልክ እርስዎ እንዳሉት። ሃሮልድ አንድ ሰዓት ሙሉ እየዞረ ተመለከተውና "ይህ ነው እውነት" አለ።

የታመመውን ሰው ታሪክ ግን አበላሹት፤ እስካሁን ተናድጃለሁ። ሕጉን ነገርኋቸው፤ "ደስ ይላል፥ ለእኛ ግን አይሆንም፥ ሰዎቹ ጥለውት ይሂዱ" አሉ። እሺ፥ ጥለውት ሄዱ። ከዚያስ? የዚያ አገር ባላገሮች፥ አዳኞች፥ ያገኙታል። ውሃ ያጠጡታል፥ ያስታምሙታል። ከስድስት ክፍል በኋላ በፈረስ ተቀምጦ ወደ እናቱ ይመለሳል! እቴቴ፥ በዚህ አገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጮህሁ። "ውሸት ነው! በረሃ ላይ ማንም አይመጣም! የተጣለ ሰው ተጥሎ ይቀራል!" አልኋቸው። ሁሉም ሥራውን አቁሞ አየኝ። ሃሮልድ ቀስ ብሎ "እንዴት ታውቃለህ?" አለኝ። "አክስቴ ነገሩኝ" ብዬ ወጣሁ።

ልጅዎ ሙሀመድየሱፍ


ባሕር ዳር፥ መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሙሀመድየሱፍ

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ቀበሌ አዳራሽ ተቀምጬ ሀሁን የቆጠርሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰርተፊኬቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊደሌ ትልልቅ ነው፥ ታነበዋለህ። ዘይነት እንድትጽፈው አልፈለግሁም።

ፎቶግራፍህ ደረሰ። ሰዓዳ አየችው፥ ዘይነት አየችው፤ "ወፍሯል" አሉ። እኔ አንተን አላየሁም። ጭነቱን አየሁ።

በበቅሎዋ ሆድ ሥር የሚያልፈው መጫኛ ጫፉ ላይ የጎሽ ቀንድ ቀለበት አለው። አደም ነው የጠረበው። ከቀለበቱ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ አይጥ የበላው ቦታ አለ። እኔ ነኝ በቀይ ክር የጠቀምሁት፥ ከሠርግ ነጠላዬ ጥለት ስቤ። የጎረቤትን መነጽር ተውሼ አየሁት። ከዚያ ዘይነት ፋብሪካ ስትሄድ ፀሐይ ላይ አውጥቼ እንደገና አየሁት። ቀዩ ክር አለ።

ሰዓዳ "ትጠብቀኝ" የሚለውን ቃልህን ሰምታ ሽማግሌዎቹን በራሷ አፍ መለሰቻቸው። ደስ ብሏት ፀጉሯን ተሠራች። ይህን እወቀው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ያንተ ሰባት ዓመት ሆነው። ለቴሌቪዥኑ ሰውዬ እውነቱን ስትሰፍርለት ከርመሃል፤ ለእኔም ስፈርልኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ።

ይህን መጫኛ ከልጄ ወገብ ማን ፈታው?

ነፊሳ


ካልጋሪ፥ ጥር 17 ቀን 1978 ዓ.ም.

እቴቴ

ሰላምታ ልጽፍ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። ያለ ሰላምታ ይቀበሉኝ።

እኔ ነኝ የፈታሁት።

ከቁንዝላ ወደብ ከጀልባ ወርደን ሻውራን እስክናልፍ ደህና ነበርን። ሙሔ እየቀለደ ነበር የሚሄደው፤ ሲመለስ ለሰዓዳ ከቁንዝላ ማር ይዞላት ሊመጣ ነበር። ቆላ ስንወርድ ሣሩ ከሰው በላይ ነው፥ ትንኙ ብዙ ነው። ሽንፋ ወንዝ ስንደርስ ንዳዱ ጣለው። ከሾላ ዛፍ ሥር አስተኛሁት። ሁለት ቀን ተቀመጥሁ። ይቃዣል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ደግሞ ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሣሁና ለመሄድ ወሰንሁ። ማንም አላሳደደኝም፤ ወታደር መጣ፥ ሽፍታ መጣ ብዬ ልዋሽዎ እችል ነበር። ምንም አልመጣም። ፈራሁ ብቻ። እኔም እዚያ የምሞት መሰለኝ።

የቀረን በሶ ሁለት እፍኝ ነበር፤ አንዱን ተውሁለት። ቅሉን ውሃ ሞልቼ እጁ ሥር አስቀመጥሁ። ከዚያ ባዶ እጄን ወደ ሰው ፊት እንዴት እሄዳለሁ አልሁና፥ ጎንበስ ብዬ መጫኛውን መፍታት ጀመርሁ። የሞተ መስሎኝ አይደለም። ዓይኑ ተከፍቶ ያየኝ ነበር። የአደም ልጅ ነው፤ መጫኛ ሲፈታ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ሁለተኛው ዙር ከጀርባው ሥር ተይዞ እምቢ አለኝ። ሙሔ ወገቡን ቀና አድርጎ ረዳኝ።

እቴቴ፥ ቢሰድበኝ ምናለ!

ይህ ብቻ ቢሆን። ግማሽ ቀን እንደሄድሁ ከብት አርቢዎች ሰፍረው አገኘሁ። ግመል ነበራቸው፥ ወተት ነበራቸው። ወተት አጠጡኝ። ከኋላ ሰው ቀርቷል አላልኋቸውም። ቋንቋቸውን አልችልም ብዬ ለራሴ ነገርሁት። በእጅ ማሳየት ግን ማን ያቅተዋል? እንዴት ጣልኸው ብለው የሚያዩኝን ዓይን ነው የፈራሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ፤ በነጋታው ወደ ሱዳን አሻገሩኝ። መርከቡን ገዳሪፍ ሆኜ ፈጠርሁት፤ ከዚያ ወዲህ እየነዳሁት ኖርሁ። ገንዘቡ ሁሉ የእኔ ነው።

ሕጉን አላስታውሰውም ያልሁትም ውሸት ነበር። እርስዎ ሲጽፉት አንድ መውጫ፥ አንድ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆን ብዬ ነው። የአሥራ አንዱን ቀን ነገር ሲጽፉልኝ ቀሪውን በማግስቱ ነው ያነበብሁት።

መጫኛውን ለበቅሎዋ ያሰርሁት የእነሱ ገመድ ሁሉ አዲስ ስለሆነና ሃሮልድ ስላልወደደው ነው። አልጋዬ ሥር ነበር፤ አመጣሁት። ፎቶግራፉን ስልክልዎ እንደሚያዩት ረስቼ ነው ወይስ አውቄ? ወላሂ እኔም አላውቅም። ሥራውን ትቻለሁ። መጫኛውን በፖስታ ልኬዋለሁ። ወደ ደጅዎ ማምጣት የነበረብኝ በእጄ ነበር።

ይቅር ይበሉኝ አልልም።

ሙሀመድየሱፍ


ባሕር ዳር፥ ሰኔ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሙሀመድየሱፍ

መጫኛው ደረሰ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ አንዱ ፈትሾ "ለአንድ የጠፍር ገመድ ይህን ያህል ቴምብር?" ብሎ ሳቀ። የቤት ዕቃ ነው አልሁት። በእጄ ተሸክሜ መጣሁና ደጃፉ ላይ አኖርሁት። ያንተ ሥራ ነበር፤ የሚያኖረው ሰው ስላጣ እናት አኖረችው።

ሰዓዳ ከገበያ መጣች። ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። ምን እንደሆነ የነገራት የለም፥ መንገርም አላስፈለገም። ጎንበስ ብላ ቀለበቱን ነካችውና ገብታ ፀጉሯን ፈታች። አራት ወር ከአሥር ቀን የባል ሐዘን ዒዳዋን ይዛለች። ሹፌሩ ሚያዝያ ላይ አገባ፤ የወረታ ልጅ ነች አሉ። ሣጥኗን ከፍታ የላክኸውን ብር ሁሉ ለመስጊድ ለሙሔ ሶደቃ አወጣችው። ምንዛሬውን እንኳ አልጠየቀችም።

ሰዓዳና ዘይነት እንዴት ሞተ ብለው ጠየቁኝ። በአብሮ አደጉ እቅፍ፥ በአሥራ አንደኛው ቀን፥ ከሾላ ሥር ተቀበረ አልኋቸው። ወገቡን ቀና ማድረጉን ለማንም አልተናገርሁም። ደብዳቤህን አቃጥዬዋለሁ። በዕድሜዬ የዋሸሁት ትልቁ ውሸት ይህ ነው። እያደር ይቀላል ይላሉ፤ አልቀለለኝም። ሌት ተቀን አንድ ነገር ብቻ አያለሁ፤ ልጄ እንዲቀልህ ብሎ ወገቡን ሲያነሣልህ። ለሰው እንዲህ እንዲያዝን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ባላሳደግሁት!

ሽማግሌው አዘጋጅህን ውሸታም ብለህ ጮኸህበት ነበር። ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው። በረሃ ላይ ሰው ይመጣል ያለው ልክ ነበር። ሰውም ነበረ፥ ወተትም ነበረ፥ ግመልም ነበረ። ከስድስት ክፍል በኋላ ልጁ ወደ እናቱ ይመለስ ነበር። ያላመጣኸው አንተ ነህ።

ያሳደግሁህ ልጅ ነህ። ጡቴን ጠብተህ ነው ያደግኸው፥ እህቴ ወልዳህ ስትሞት ሙሔ በአንዱ በኩል አንተ በአንዱ በኩል ነበራችሁ። ስለዚህ አልሰድብህም፥ አልረግምህም። ሰላምታም አልነፍግህም፤ አሰላሙ ዐለይኩም።

ሕጉን ታውቀዋለህ።

ነፊሳ